ማገዶ ስንገዛ የምንከፍለው ለምንድን ነው?



ጤፍ ስንገዛ ሚዛኑን እናያለን። ኪሎው ትክክል መሆኑን እንጠይቃለን፤ በቁና ሲሰፈርም ተቆልሎ ይሁን ተልጎ ዓይናችንን አንነቅልም። እንጨት ተራ ስንገባ ግን ይህ ጥንቃቄያችን ይጠፋል። ሸክሙን ዞር ዞር ብለን እናያለን፣ በእጃችን ነቅነቅ እናደርጋለን፣ "ስንት ነው?" እንላለን፣ ተከራክረን እንከፍላለን። ከዚያ አንዱ ሸክም አምስት ቀን ሲያነድ ሌላው በሦስት ቀኑ ያልቅና እድላችንን እናማርራለን። ዛሬ ለመናገር የመጣሁት ይህ የእድል ጉዳይ አለመሆኑን ነው። ማገዶ ይለካል። ለመለካትም ገመድ፣ አራት አጣናና ትንሽ ስሌት ይበቃል።

ጉዳዩን ከፍ አድርጌ የማየው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ ዛሬም ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ነው። በአንድ ቤት ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። በእኛ በአዘናና በአካባቢዋ ደጋ ደግሞ ሌላ ወጪ ይጨመራል፤ ሙቀት። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ደጋም ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ፣ በክረምት ቀኑ ጭጋግና ካፊያ ነው። ልጆችና አረጋውያን ያሉበት ቤት እሳት ሳያነድ አያመሽም። ስለዚህ ማገዶ ላይ የምንሳሳተው ስሕተት ከዓመት ዓመት የሚደጋገም ገንዘብ ነው።

አንድ ሸክም እንጨት ስትገዙ በእርግጥ ሦስት ነገር ገዝታችኋል፦ እንጨት፣ ውኃና አየር። ሙቀት የሚሰጠው እንጨቱ ብቻ ነው። አየሩ ክምሩን ትልቅ ያስመስለዋል፤ ውኃው ደግሞ ሸክሙን ከባድ ያደርገዋል። ዓይናችን በአየሩ ይታለላል፣ ክንዳችን በውኃው ይታለላል።

ከአየሩ ልጀምር። እስርን በዓይን መገመት የማያስተማምንበት ምክንያት አለው። ዙሪያው 1 ሜትር የሆነ እስርና ዙሪያው 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም የሆነ እስር ጎን ለጎን ቢቆሙ ልዩነታቸው ብዙ አይመስልም። ሁለተኛው ግን ርዝመታቸው እኩል ከሆነ በ44 ከመቶ ይበልጣል። ገመዱ በአንድ አምስተኛ ሲረዝም እንጨቱ ወደ ግማሽ በሚጠጋ ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው እስር በዋጋ ሩብ ያህል ጨምሮ ቢጠየቅበት "ተወደደ" ብላችሁ አትለፉት፤ የረከሰው እሱ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው። የእስሩን ዙሪያ በሜትር ለኩ፤ ዙሪያውን በራሱ አባዙት፤ በእስሩ ርዝመት አባዙት፤ ያገኛችሁትን ለ12 ተኩል አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር የእስሩ ይዘት በሜትር ኩብ ነው። ዙሪያውም ርዝመቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ እስር አሥራ ሁለት ተኩል ቢሰበሰብ አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል። ልኬቱን ግን እስሩ ወገቡ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ከታሰረ በኋላ ውሰዱ። ላላ ብሎ የታሰረ እስር ገመዱ ላይ የሚታየው ሁሉ እንጨት አይደለም።

ከእስር ከፍ ሲል፣ የጋሪ ወይም የአይሱዙ ጭነት ሲሆን፣ ከሁሉ የሚሻለው ሳጥን መሰል ልኬት ነው። አራት አጣና መሬት ላይ ትከሉ፤ በሁለቱ መካከል በየአቅጣጫው አንድ ሜትር ይሁን፤ ቁመቱም አንድ ሜትር ላይ ምልክት ይደረግበት። እንጨቱ በአንድ ሜትር ርዝመት ተቆርጦ በዚያ ውስጥ ሲደረደር አንድ የተደረደረ ሜትር ኩብ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የተደረደረ ሜትር ኩብ ማለት ሙሉው እንጨት ነው ማለት አይደለም። ቀጥ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድላ በጥንቃቄ ቢደረደር ከሳጥኑ ውስጥ ከ60 እስከ 70 ከመቶው እንጨት ይሆናል፤ የቀረው ክፍተት ነው። የተጣመመ ቅርንጫፍና ጭራሮ ከሆነ እንጨቱ ከ40 ከመቶ ሊያንስ ይችላል። ያው አንድ ሳጥን፣ ያው አንድ ቁመት፣ እንጨቱ ግን ግማሽ። ለዚህ ነው ለጭራሮና ለፍልጥ አንድ ዓይነት ዋጋ መክፈል ፍትሐዊ የማይሆነው።

መኪና ላይ ሲሆን ስሌቱ ያው ነው። የጭነት ቦታው 4 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋት ቢኖረውና እንጨቱ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ቢደረደር 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። በደንብ ከተደረደረ ከ7 ሜትር ኩብ በላይ እንጨት አለበት። ወርወር ተደርጎ ከተጫነ፣ ወይም ዳር ዳሩ በሥርዓት ተደርድሮ መሐሉ መስቀለኛ ከተጣለ፣ 5 ሜትር ኩብ እንኳን ላይሞላ ይችላል። መኪና ሙሉ ስትገዙ ከጎን አይታችሁ አትመኑ፤ አንድ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ መሐሉን ይመልከት። ከተቻለም እንጨቱ ወርዶ ከተደረደረ በኋላ ለክታችሁ ክፈሉ፤ ይህንንም ከመጫኑ በፊት ከሻጩ ጋር ተስማሙበት። ካወረደ በኋላ የሚነሳ ክርክር ለሁለቱም ወገን መልካም አይደለም።

ይህ ዓይነቱ ልኬት እኛ ዛሬ የፈጠርነው አይደለም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1795 የሜትር ሥርዓትን ሲደነግጉ ከሜትር፣ ከሊትርና ከግራም ጋር አንድ የተለየ መለኪያ ለማገዶ ብቻ ብለው አወጡ፤ ስቴር ይባላል፤ አንድ ሜትር በየአቅጣጫው የተደረደረ እንጨት ነው። አገር ምድሩን የሚገዛ አዲስ የልኬት ሕግ ሲጻፍ ማገዶ የራሱ መለኪያ ተሰጠው። በአሜሪካ ደግሞ ኮርድ የሚባል መለኪያ አለ፤ 4 ጫማ ቁመት፣ 4 ጫማ ወርድ፣ 8 ጫማ ርዝመት ያለው ክምር ሲሆን ወደ 3.6 ሜትር ኩብ ይጠጋል። በብዙዎቹ ግዛቶች ማገዶን "ክምር" ወይም "መኪና ሙሉ" ብሎ መሸጥ በደንብ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ሰው "ክምር" ሲል አንድ ዓይነት ነገር ማለቱ አይደለም። 

አሁን ወደ ውኃው ልለፍ፤ ትልቁ ኪሳራ እዚህ ነውና። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 40 ኪሎ እርጥብ እንጨት ገዝታችሁ ተሸክማችሁ ስትገቡ 20 ኪሎ ውኃ ተሸክማችኋል። ይህ ውኃ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እሳቱ መጀመሪያ እሱን አፍልቶ ማትነን አለበት። ማገዶው ሙቀቱን ለምጣዱና ለቤቱ ከመስጠቱ በፊት ለራሱ ውኃ ይከፍላል። ጢሱ የሚበዛው፣ ዓይን የሚያቃጥለው፣ ጣሪያው ላይ ጥቀርሻ የሚጋገረው በዚህ ምክንያት ነው።

በቁጥር እናስቀምጠው። ሙቀት በሜጋጁል ይለካል፤ 1 ሜጋጁል፣ ምንም ባይባክን፣ ወደ 3 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ግማሹ ውኃ የሆነ አንድ ኪሎ እንጨት 8 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል። በደንብ ደርቆ ውኃው ከክብደቱ 20 ከመቶ ሲደርስ ግን አንድ ኪሎው ወደ 14 ሜጋጁል ይሰጣል። እንግዲህ ያንን 40 ኪሎ እርጥብ እንጨት ፈልጣችሁ ከዝናብ ከልላችሁ ብታደርቁት ምን ይሆናል? ሚዛን ላይ 25 ኪሎ ሆኖ ታገኙታላችሁ። 15 ኪሎ ጠፋ። ሙቀቱ ግን ከ320 ወደ 350 ሜጋጁል ገደማ ወጣ። ክብደቱ ሲወርድ ሙቀቱ ከፍ አለ። ይህን ያወቀ ሰው ደረቅ እንጨት ስለቀለለው "ይኼ ምን እንጨት አለው" ብሎ አይንቅም።

ከዚህ ስሌት አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። እርጥብ እንጨት በኪሎ መግዛት ውኃን በእንጨት ዋጋ መግዛት ነው። እንጨት ሲደርቅ ክብደቱ ብዙ ይቀንሳል፣ መጠኑ ግን የሚኮማተረው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ እንጨቱ እርጥብ ከሆነ በሜትር ኩብ ግዙት፤ በእርግጥ ደረቅ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኪሎም ብትገዙት አይጎዳችሁም። ለምሳሌ እርጥቡ በኪሎ 10 ብር ቢባልና ደረቁ 15 ብር ቢጠየቅበት፣ ርካሹ ደረቁ ነው፤ እስከ 17 ብር ድረስ ቢሄድ እንኳን አልተጎዳችሁም። ከዚህም ሌላ ለማድረቅ የምትጠብቁበትን ጊዜና ቦታ አትርፋችኋል።

መድረቁን እንዴት እናውቃለን? ብዙዎቻችሁ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ሁለት ፍልጥ ሲጋጩ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ግን ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ከመሐል ወደ ዳር ይሰነጠቃል፤ ልጡ በጣት ሲላጥ ይለቃል። ነገር ግን ጫፉን አይታችሁ ብቻ አትወስኑ፤ ጫፉ ደርቆ መሐሉ እርጥብ የሆነ ግንድላ ብዙ ነው። አንዱን በመጥረቢያ አስፈልጡና አዲስ የተገለጠውን ፊት በእጃችሁ ዳስሱት። ቀዝቀዝ ካለና እርጥበት ከተሰማችሁ እንጨቱ ገና ነው። የማያዳግመው ፈተና ግን ሚዛን ነው፤ አንድ ፍልጥ መዝናችሁ ምድጃ አጠገብ አስቀምጡት፤ በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

ስለ እንጨት ዓይነት ብዙ አልናገርም። አንድ ኪሎ ደረቅ ወይራና አንድ ኪሎ ደረቅ ብሳና የሚሰጡት ሙቀት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ያለው በጥቅጥቅነታቸው ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ወይራ ከአንድ ሜትር ኩብ ብሳና በጣም ይከብዳል፤ ስለዚህ በሜትር ኩብ ስትገዙ ጠንካራው እንጨት ከፍ ያለ ዋጋ ይገባዋል። ባሕር ዛፍና በአካባቢያችን የሚተከለው ዲከረንስ በመካከል ናቸው። ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ግን ለማገዶ ባይቆረጡ ደስ ይለኛል፤ ለምድጃ የተተከለ ዛፍ ሞልቶልን ሳለ አገር በቀሉን ማንደድ አይገባንም።

ባሕር ዛፍን ካነሳሁ ታሪኩን በአጭሩ ላንሳ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አለቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ማገዶውን ስለሸፈነ ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ማገዶ ዋና ከተማ ሊያስነሳ ይችል ነበር ማለት ነው።

የእኛ አዊ ደግሞ ከዚሁ ከአውስትራሊያ የመጣ ሌላ ዛፍ አለው፤ ዲከረንስ። ፋግታ ለኮማና ባንጃ ያለ ገበሬ ማሳውን በዚህ ዛፍ እንዴት እንደለወጠ ሁላችሁም አይታችኋል። ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በመካከሉ ለከብት ሣር ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ተቆርጦ እዚያው ከሰል ይሆናል፤ ከዚያ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። ኮምጣጣ ሆኖ የደከመ አፈር በዚህ ዑደት አገግሟል፤ ብዙ ቤተሰብም ቆርቆሮ የከደነው፣ ልጅ ያስተማረው ከአዲስ ቅዳም ከተማ ተጭኖ በሚሄደው ከሰል ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ ዛፉን እያጠቃው ነው። ምርቱ ሲቀንስ ዋጋ መውጣቱ አይቀርም፤ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ያለ ልክ መግዛት የበለጠ ይጎዳል።

ከሰል ላይ የልክ ጉዳይ እጅግ ከባድ ነው። በማዳበሪያ ይሸጣል፤ ማዳበሪያው ግን እንደ ሻጩ ነው። አንዱ አፉን በቅጠልና በእንጨት ከፍ አድርጎ ይቆልለዋል፤ ሌላው ታች ድቃቂ ሞልቶ ላዩን ትላልቁን ያደርጋል፤ ዝናብ የመታው ከሰል ደግሞ ውኃ ስለሚጠጣ ይከብዳል። ከሰልን በኪሎ ግዙ፤ ግን ደረቅ መሆኑን አይታችሁ፣ ድቃቂው ተነፍቶ። አንድ ኪሎ ጥሩ ከሰል ወደ 29 ሜጋጁል ይሰጣል፤ የደረቅ እንጨት እጥፍ ነው። ይህ ቁጥር ግን አያታላችሁ። በአፈር ተከድኖ በሚከሰልበት መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ከእንጨቱ ሙቀት ከግማሽ በላዩ ቤታችን ሳይደርስ ማሳው ላይ ጢስ ሆኗል። ለዚህ ነው ገጠር ያለ ሰው ቤቱን ለማሞቅ ከሰል ከሚገዛ ደረቅ ፍልጥ ቢገዛ ይሻለዋል የምለው። ከተማ ውስጥ በጠባብ ክፍል ለሚኖር ሰው ጢሱ ስለሚከብድ ከሰል መምረጡን አልነቅፍም።

ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብታችሁ፣ በርና መስኮት ዘግታችሁ አትተኙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም። ራስ ያዞራል፣ ያደክማል፣ ከዚያ እንቅልፍ መስሎ ይገድላል። ረመጡ ጢስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ብርድ በጸናበት ሌሊት ቤቱን አስቀድማችሁ አሙቁ፤ ስትተኙ ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጡት። ለጎረቤት፣ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ተማሪ፣ ለሠራተኛችሁም ንገሩ።

ወደ መግዣው ጊዜ ልመለስ። የእኛ ክረምት ረጅም ነው፤ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ እስከ መስከረም እንጨት አይደርቅም። በሐምሌ የሚገዛ እንጨት እርጥብም ውድም ነው። አቅም ያለው ሰው በጥርና በየካቲት ይግዛ፤ ፈልጦ፣ ከመሬት በሁለት አጣና ከፍ አድርጎ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ይደርድር፤ ላዩን ብቻ ይክደን፣ ጎኑን ክፍት ይተወው። ላስቲክ ዙሪያውን መጠቅለል እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን ያሻግተዋል። በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም የሌለው ደግሞ በእድር ወይም በእቁብ አባላት ተሰብስቦ አንድ መኪና በበጋ ማስጫን ይችላል፤ በሜትር ኩብ ከተለካ ማካፈሉም ጭቅጭቅ የለበትም። ምድጃውንም አትርሱ። በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ምርት በሚባለው ምድጃ መጋገር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ለከሰልም ላቀች የሚባለው ማንደጃ ከቆርቆሮው ይቆጥባል። እንጨት በስስት ለክቶ ገዝቶ ሦስት ጉልቻ ላይ ማባከን ልፋትን መና ማስቀረት ነው።

እስካሁን እንደ ገዢ ተናገርኩ፤ ስለ ሻጯም መናገር አለብኝ። ገበያ ላይ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ የምትመጣ እናት ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ተሸክማ፣ ሰዓታት ተጉዛ ነው የምትደርሰው። ረፋዱ ላይ ስትደርስ እንደገና ተሸክማ ልትመለስ ስለማትችል ያሉአትን ትቀበላለች። እንጨቱን አስቀድማ ቤቷ ካደረቀች ሸክሙ ቀለል ይላታል፣ ገዢውም የበለጠ ሙቀት ያገኛል። ሆኖም ሸክሙ አነሰ ተብሎ ዋጋዋ ሲቀነስ በሚቀጥለው ሳምንት እርጥቡን ይዛ ትመጣለች። እርጥብ እንጨት እንዲሸጥልን ያደረግነው እኛ ገዢዎቹ ነን። ትክክለኛ ልክ ቢኖር ደረቅ ያመጣች ተጨማሪ ብር ታገኛለች፤ ጀርባዋም ግማሽ ውኃ ከመሸከም ያርፋል። ስለዚህ የልኬት ጥቅም ለገዢ ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የከተማችን አስተዳደርና የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት በእንጨት ተራው አንድ የሜትር ኩብ ሳጥንና አንድ የተረጋገጠ ሚዛን እንዲያቆሙ አብረን እንጠይቅ። ሳጥኑ አሥራ ሁለት አጣናና ጥቂት ምስማር ነው፤ የከተማው አናጺዎች በግማሽ ቀን ይሠሩታል። አጠገቡ በሰሌዳ ላይ የዕለቱ ዋጋ ለደረቅ ፍልጥ፣ ለእርጥብና ለጭራሮ ለየብቻ ይጻፍ። ሚዛኑ ላይ መመዘን ለሸክም አምጪዎች በነጻ ይሁን። የእድር ሰብሳቢዎችም ይህን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንሱት፤ መምህራን ደግሞ የእስሩን ስሌት ለተማሪዎች እንደ ሒሳብ ጥያቄ ስጡ፣ ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ለእናቶቻቸው ይለኩላቸዋል። ሳጥኑ እስከ መጪው ጥር ቢቆም ለሚቀጥለው ክረምት የሚሆነውን ማገዶ ለክተን እንገዛለን።